አራት ጫማ ጥላ

መምሬ ደሳለን ነገሩን ያስነቃቸው ሆዳቸው ነው። ዐቢይ ጾም ከገባ ሁለት ሳምንት አልፎታል፤ እህል የሚቀምሱት ከዘጠኝ ሰዓት ቅዳሴ በኋላ ነው፤ ሠላሳ ዓመት እንዲህ የጾመ ሆድ ደግሞ ከማንም የተሻለ ሰዓት ያውቃል። ዘጠኝ ሊሆን ሲል መጀመሪያ ይጮኻል፣ ቀጥሎ ያኮርፋል፣ ከዚያ ጉልበት ይከዳል። መጋቢት አሥራ ሰባት ቀን 1994 ዓ.ም. ታማሚ ጠይቀው ሲመለሱ ቀጭን ውሃ በሚባለው አትክልት ቦታ ቢያቋርጡ፣ አዝመራው የጎረቤቱን የገለቴን ቦይ በጓል ደፍኖ ውሃውን ወደ ራሱ ሽንኩርት ሲመልስ አገኙት። ሆዳቸው ገና ድምፁን አላሰማም።

«ምነው አዝመራው፣ ዘጠኝ ሳይሆን?» አሉት።

አዝመራው አካፋውን አስቀምጦ መጥቶ መስቀል ተሳለመ። አጭር፣ ደንዳና፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። «ሆኗል እንጂ አባ። ድንጋዩ ያውና፣ ይዩት» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሄደው አዩት። ድንጋዩ ሥራ የፈታ የውሃ ወፍጮ ድንጋይ ነው፤ ክብ፣ መሃሉ ቀዳዳ። ቀዳዳው ውስጥ ላሊበላ ሆቴል ሲሠራ የተረፈ ስንዝር ተኩል ፌሮ ቀጥ ብሎ ተተክሏል። ከፌሮው ሥር እስከ ድንጋዩ ጠርዝ በመሮ የተወቀሩ ሁለት መስመሮች አሉ፤ አንዱ የአራት ሰዓት፣ ሌላው የዘጠኝ። የፌሮው ጥላ ዘጠኙን መስመር ልክ ይዞ ተኝቷል። አዝመራው አልዋሸም። መስመሩን የለኩት እሳቸው፣ የወቀሩት እሳቸው፣ «ፀሐይ ጉቦ አትበላም» ብለው ለሁለቱ ቤት ያስረከቡትም እሳቸው ናቸው።

ሆኖም ጥላው አጭር ነበር። ከመስመሩ ላይ ነው፣ ግን ጉርድ ብሏል፤ የዘጠኝ ሰዓት ጥላ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። መምሬ ደሳለ ዞር ብለው ማንም እንዳያያቸው ከአጥሩ ጀርባ ቆሙና የራሳቸውን ጥላ ለኩ።

ጥላን በጫማ መስፈር ለቄስ ሀ ሁ ነው። ሰው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የጥላው ራስ የደረሰበት ይያዛል፣ ከዚያ ተረከዝን ከጣት እያስነኩ በራስ እግር መቁጠር ነው። ረጅም ሰው እግሩም ረጅም ስለሆነ፣ አጭሩም ረጅሙም ያው ቁጥር ይመጣለታል። ብቻ፣ በትክክል ለመለካት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ሳይነቃነቅ ይቆማል፣ ሌላው ከጥላው ራስ ላይ ጠጠር ያኖራል። ለብቻው የሚለካ ጎንበስ ሲል ጥላውም አብሮት ጎንበስ ይላል። የሆነ ሆኖ መምሬ ደሳለ የጥምጥማቸው ጥላ ያረፈበትን ጉቶ በዓይናቸው ይዘው ቆጠሩ። ሁለት ጫማ ተኩል። ደግመው ቆጠሩ። ሁለት ተኩል።

በመጋቢት ዘጠኝ ሰዓት ሰባት ጫማ ነው። ሁለት ተኩል ማለት ገና ሰባት ሰዓት ነው። ገለቴ የሁለት ሰዓት ውሃ እየተወሰደባት ነው፤ ያውም ከማታው በኩል ብቻ። የጠዋቱን በልባቸው ሲያሰሉት ደግሞ ካቡ ላይ ተቀመጡ። 

ነገሩ የተጀመረው በእጅ ሰዓት ነው። ቀጭን ውሃ ከአሸተን ማርያም ተራራ ሥር የምትፈልቅ፣ ስሟን የመሰለች ምንጭ ናት። ሌሊት ለታችኛው መንደር መጠጥ ትወርዳለች፤ ቀን ሁለት አትክልት ቦታ ታጠጣለች፣ የአዝመራውንና የገለቴን ባል የከፋለን። ከንጋት እስከ አራት ሰዓት ለአዝመራው፣ ከአራት እስከ ዘጠኝ ለከፋለ፣ ከዘጠኝ እስከ ማታ፣ መሬቱ ሰፋ ስለሚል፣ እንደገና ለአዝመራው። በሁለቱ ቤት ሰዓት ያሠረው የአዝመራው ታናሽ ወንድም ደሴ ብቻ ነበር። ከፋለ «ሰዓቱን ዘወርከው» ይላል፣ ደሴ «አልነካሁትም» ይላል፤ አንድ ቀን ቦዩ ላይ ተያያዙና ደሴ በአካፋ መታው። ከፋለ በሦስተኛው ቀን ሞተ፤ ደሴ ወልድያ ታሠረ። ከፋለ ጥሎት የሄደው ሚስቱን ገለቴን፣ ጢሙ ገና የሚያቆጠቁጥ ልጁን ቃለሕይወትንና አንድ ክላሽ ነው።

እርቁ አንድ ዓመት ፈጀ። ሽማግሌ ሄደ፣ ሽማግሌ ተመለሰ። በመጨረሻ ቃለሕይወት የአባቱን ደም ላይመልስ ማለ፤ ግን አንድ ነገር ያዘ። «ሰዓት የሚሉት ነገር በእኛና በእነሱ መሃል አይገባም» አለ። ያን ጊዜ ነው የሁለቱም ቤት የነፍስ አባት መምሬ ደሳለ «ፀሐይ ትዳኛችሁ» ያሉት። ሰው ሁሉ ደስ አለው። እሳቸውም ደስ አላቸው፤ ለምን ይዋሻል፣ ትንሽ ኩራትም ነበረበት።

በኅዳር ወር ተከሉት። ድንጋዩ መስተካከሉን ለማወቅ ውሃ አፈሰሱበት፤ ውሃው ወደ አንድ ጎን እስከማያዘነብል ድረስ ሥሩን በጠጠር ደገፉት። ፌሮው ቀጥ ማለቱን ጠጠር በታሠረበት ክር አዩ። ከዚያ የኅዳርን ጫማ፣ ለአራት ሰዓት ስድስት፣ ለዘጠኝ ዘጠኝ፣ በራሳቸው ጥላ ቆጥረው ሲደርስ የፌሮው ጥላ የወደቀበትን ወቀሩ። ሲጨርሱ ከሌላው ካህን ከአባ ገብረመስቀል ጋር ሁለት ሆነው፣ መስቀል ይዘው ገዘቱ። «ይህን ድንጋይ ያነቃነቀ፣ ይህን ብረት የነቀለ፣ እንደ አርዮስ የተለየ ይሁን፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አይግባ» አሉ። እንግዲህ ቄስ ሲሳሳት እንደ ገበሬ አይሳሳትም፤ ከነግዝቱ ነው የሚሳሳት።

ስሕተቱ አሁን ፍንትው ብሎ ታያቸው። በኅዳር ፀሐይ ወደ ደቡብ ጋደል ብላ ትሄዳለች፤ በመጋቢት በአናት ላይ ታልፋለች። ጥላ ወር በወር እንደሚያጥርና እንደሚረዝም ከልጅነታቸው ያውቃሉ፤ መንገዱንም እንደሚለውጥ ግን አንድም ቀን አላሰቡም። የተማሩት የጫማ ቁጥር ስለ ርዝመት እንጂ ስለ አቅጣጫ አይናገርም። ስለዚህ ጥላው አራቱ መስመር ላይ የሚደርሰው እየዘገየ፣ ከዘጠኙ ላይ የሚደርሰው እየፈጠነ መጥቶ፣ የገለቴ አምስት ሰዓት ከሁለት በታች ሆኗል። በሚያዝያ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል።

ከሁሉ የባሰባቸው የየካቲቱ ነገር ነው። ገለቴ በየካቲት መጥታ፣ መሬት መሬት እያየች፣ «አባ፣ ድንጋዩ የሚያደላ መሰለኝ» ብላቸው ነበር። ምን ብለው መለሱላት? «ጥርጥር ኃጢአት ነው፤ በፀሐይ ላይ ልትመሰክሪ ነው?» ብለው ሃምሳ ስግደት ሰጧት። ሰግዳለች። እሷ ስትሰግድ ሽንኩርቷ ይደርቅ ነበር።

ከካቡ ሲነሱ ገለቴ ከማሳዋ ጫፍ ቆማ አዩዋት። እየጠበቀቻቸው ነው። ከኋላዋ ያለው ሽንኩርት ጫፉ ቢጫ ሆኖ ወድቋል፤ የአዝመራው ግን እስከ ጉልበት ድረስ አረንጓዴ ነው።

«ልጄን ይገስጹልኝ አባ» አለች፣ መስቀሉን ተሳልማ። «ክላሹን ከጨርቁ አውጥቶ ወልውሎታል። ነገ አራት ሰዓት ሲሆን ውሃውን እመልሳለሁ፣ የከለከለኝ ይከልክለኝ ብሏል። አዝመራውም ሰምቷል። እሱም ባዶ እጁን አይመጣም።»

«አራት ሰዓት ሲሆን በምን?»

«በፀሐይዋ ነዋ። ዓይን የለኝም ወይ ይላል። አባቴን በሰዓት ገደሉት፣ እናቴን በድንጋይ ሊገድሏት ነው ይላል።» ወደ ቢጫው ሽንኩርት ዞረች። «እኔ ነግሬዋለሁ። ድንጋዩ የአባ ነው፣ አባ አይሳሳቱም ብዬዋለሁ።»

መምሬ ደሳለ አፋቸው ላይ መጥቶ ነበር። «እውነትሽን ነው፣ የሳትኩት እኔ ነኝ» ለማለት አምስት ቃል ይበቃል። አላሉትም። «እግዚአብሔር ያውቃል» አሉና ዳገቱን ወጡ። የዚያን ዕለት በቅዳሴ ሦስት ጊዜ ተሳሳቱ፤ ዲያቆኑ ጾሙ አደከማቸው ብሎ አሰበ።

ቤት ሲደርሱ ሚስታቸው አመተ ጊዮርጊስ የባቄላ ንፍሮ አቀረበችላቸው። አልነኩትም። አርባ ዓመት አብራቸው የኖረች ሴት ናትና አልጠየቀችም፤ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ቢቸግራቸው ነገሯት።

«እና ግዝቱን ይፍቱታ» አለች። «ያሠረ አይፈታም እንዴ?»

«ሁለት ሆነን ያሠርነውን ለብቻዬ አልፈታም። ገብረመስቀል ደግሞ ይምርሐነ ክርስቶስ ሱባዔ ገብቷል።»

«ሰው ይላክ።»

«ደርሶ መልስ ሁለት ቀን ነው። ልጁ ነገ ብሏል።»

«ድንጋዩን ሳይነኩ፣ ተሳስቻለሁ ብለው ቢነግሯቸውስ?»

«እሺ፣ ነገርኩ። አዝመራው ድንጋዩ ቆሞ እያለ ይሰማኛል? የማለው በድንጋዩ ነው። እስከተተከለ ድረስ ሕጉ የሱ ነው። መነቀል አለበት፤ የነቀለው ደግሞ ከደጀ ሰላም አይገባም። ፋሲካን ከውጭ ነው የማሳልፈው። ገብረመስቀል ቢመለስም የራሱን ግዝት የጣሰን ቄስ እንዲህ በቀላሉ አይፈታም፤ ነገሩ ጳጳስ ዘንድ ይሄዳል። ምናልባት ክህነቴም ይያዝ ይሆናል።»

አመተ ጊዮርጊስ ንፍሮውን መልሳ ከደነችው። «ዝም አይነቅዝም ይላሉ» አለች ቀስ ብላ። «ዝም ቢሉ ማንም አያውቅ።»

«ማንም።»

«ነገ ግን ከሁለቱ ለአንዱ ፍትሐት የሚያደርሱለት እርስዎ ነዎት።»

 ፈርተው ነበር፤ የፈሩት ግን ጥይቱን አይደለም። አንድ ደብር ሙሉ ሰው «መምሬ ደሳለ እንኳ» ሲል ነው የተሰማቸው። ሰው በስተርጅና እንዲህ ያለ ነገር ያስፈራዋል።

በማግስቱ ፀሐይ ከተራራው ብቅ ስትል ከአትክልት ቦታው ደርሰዋል። አዝመራው ውሃውን ለቆ ያጠጣል፤ ምንሽሩ ከካቡ ላይ በካፖርት ተጠቅልሏል፣ አፈሙዙ ግን ይታያል። ገለቴ ከደረቀው መደቧ መሃል ቁጭ ብላለች። ቃለሕይወት ከበላይ ካለው እርከን ላይ ክላሹን ጭኑ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁርጥ አባቱን ነው።  መምሬ ደሳለ እንደምን አደሩ የሚል ሰላምታ እንኳ ሳያገኙ ከድንጋዩ አጠገብ ቆሙ።

ሦስት ሰዓት ሆነ፤ አለፈ። የፌሮው ጥላ ከአራቱ መስመር ገና ሩቅ ነው፤ እንደ ድንጋዩ ከሆነ አዝመራው እስከ ቀትር ሊደርስ ጥቂት እስኪቀረው ያጠጣል። ቃለሕይወት ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ። እንደገና አየ። ከዚያ ተነሳ።

መምሬ ደሳለ ሆዬ እስከዚያች ደቂቃ አልቆረጡም ነበር። አዝመራው ምናልባት በገዛ እጁ ይለቅ ይሆናል፣ ልጁ ምናልባት ይፈራ ይሆናል፣ ዝናብ ምናልባት ይመጣ ይሆናል ሲሉ ነው ያረፈዱት። ልጁ ሲነሳ የከፋለን አስከሬን ያወጡበት ቀን በዓይናቸው መጣ። ገለቴ ያን ቀን እግራቸው ላይ ወድቃ ነበር።

«ቃለሕይወት፣ ባለህበት ቁም» አሉ። «አዝመራው፣ አንተም ስማ። ይህ ድንጋይ ይዋሻል።»

አዝመራው ከአካፋው ላይ ቀና አለ።

«በኅዳር እውነት ይናገር ነበር። አሁን ይዋሻል፤ ያዋሸሁት እኔ ነኝ። ጥላ መንገድ እንደሚቀይር አላወቅሁም። ገለቴ በየካቲት መጥታ ነግራኛለች፣ እኔ ግን አሰገድኳት። ገለቴ፣ ይቅር በይኝ። ጥፋቱ የአዝመራው አይደለም፣ የፀሐይም አይደለም። የኔ ነው።» ይህን ብለው መቋሚያቸውን ካቡ ላይ አስደግፈው ፌሮውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አባ፣ ግዝቱ» አለች ገለቴ፣ ብድግ ብላ።

«ግዝቱ በኔ ላይ ይሁን።»

ሳቡት። አልነቃነቅ አለ። በኅዳር ሽብልቅ አጥብቀው ስለመቱበት ድንጋዩና ብረቱ አንድ ሆነዋል። አሽከረከሩት፣ ወዘወዙት፤ ዝገቱ መዳፋቸውን ቀደደው። የስልሳ ዓመት ሽማግሌ ከአንዲት ስንዝር ተኩል ብረት ጋር ሲታገል ሦስት ሰው ቆሞ ያያል፤ የሚረዳ የለም፣ የሚረዳ ሁሉ ይወገዛልና። በስተመጨረሻ ፌሮው ክርር ብሎ ወጣና በጀርባቸው ሊወድቁ ሲሉ ተረፉ። ብረቱን ወደ ገደሉ ወረወሩት።

አዝመራው ወደ ካቡ ሄዶ ካፖርቱን ገለጠ፤ ምንሽሩን አነሳ። አልተቆጣም፤ ለዚህ ነው የሚያስፈራው። «እንግዲህ ዳኛ የለም አባ» አለ። «እርስዎ ሰጡኝ፣ እርስዎ ነሱኝ። ዳኛ ከሌለ ውሃው ባለበት ይሄዳል።»

ከላይ የክላሹ መቀባበያ ቀጭ ሲል ተሰማ።

«ዳኛማ አለ» አሉ መምሬ ደሳለ፣ ከሁለቱ መሃል ገብተው።  «የገዛ ጥላችሁ ነው። በመጋቢት አራት ሰዓት አራት ጫማ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ሰባት ጫማ ነው። ሚያዝያ ሲገባ የሚያዝያን እነግራችኋለሁ።»

«ማን ይለካል?» አለ አዝመራው። «እኔ ለክቼ ገና ነው ብል እሱ ያምናል? እሱ ለክቶ ሆኗል ቢልስ እኔ ላምን ነው?»

«አንተን እሱ ይለካሃል። እሱን አንተ ትለካዋለህ። ሁለት ሰው ከሌለ ጥላ አይለካም።»

አዝመራው ወደ ልጁ አየ። ልጁም አየው። መልስ ሳይሰጡ አካባቢው ደበዘዘ፤ ከአሸተን በኩል የመጣ የበልግ ደመና ፀሐይዋን ጋረዳት። የአንዳቸውም ጥላ መሬት ላይ የለም። ድንጋዩ ባዶ፣ ሰማዩ ግራጫ፣ ሁለት ጠመንጃ፣ መሃላቸው አንድ የተወገዘ ቄስ። መምሬ ደሳለ ጌታን በዚያች ሰዓት ያልተናገሩት የለም፤ ሌላ ቀን ቢሆን ራሳቸው ንስሐ የሚሰጡበትን ነገር ሁሉ አሉት።

ገለቴ ወደ ቦዩ መጣች። «አዝመራው» አለች፣ «አታውቅም ነበር?»

 «አውቅ ነበር» አለ።

ቃለሕይወት ከእርከኑ ዘለለ።

«የሰጡኝን ነው የወሰድኩት» አለ አዝመራው፣ ወደ ገለቴ እያየ። «ወንድሜ እስር ቤት ነው። የሱም ልጆች እኔ ቤት ነው የሚበሉት። ዘጠኝ አፍ ነው። ድንጋዩ ሲሰጠኝ ዝም አልኩ። እኔ ብሆን ኖሮ የተጎዳሁት፣ እናንተስ ትናገሩልኝ ነበር?»

 ደመናው ልክ እንደመጣ ተገፈፈና ብርሃኑ ወረደ፤ የአራቱም ሰው ጥላ በአንድ ጊዜ መሬት ላይ ተዘረጋ።

«ቁም አዝመራው» አሉ መምሬ ደሳለ። «ቀጥ ብለህ። እጅህን ወደ ታች። ጠመንጃ ይዞ የቆመ ሰው ትከሻው ይጎብጣል፣ ልክ አይሰጥም።» እውነት ይሁን ውሸት አይታወቅም፤ ብቻ አሉት። «ቃለሕይወት፣ ጠጠር አንሳ።»

 አዝመራው ምንሽሩን ካቡ ላይ መልሶ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዞረ፣ ፀሐይዋን ከጀርባው አድርጎ። እንዲህ ሲቆም የራሱ ጥላ ከፊቱ ነው፤ ጥላውን የሚይዘው ሰው እግሩ ሥር መንበርከክ አለበት። ቃለሕይወት ክላሹን በትከሻው አንግቶ ጎንበስ ቢል ሰደፉ ጥላው ላይ አጠላበትና የራሱን ጫፍ አጠፋበት። ሞከረ፤ እንደገና አጠፋበት። እናቱ መጥታ ምንም ሳትናገር እጇን ዘረጋች። ሰጣት።

ተንበረከከና ጠጠሩን ከአዝመራው ራስ ጥላ ላይ አኖረ።  አዝመራው ተረከዙን ከጣቱ እያስነካ መራመድ ጀመረ፣ ልጁም በጉልበቱ አብሮት እየተከተለ ይቆጥራል። «አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።» አራተኛው እግር አርፏል፤ ጠጠሩ ግን ገና ከፊት ነው። ልጁ ቀና ብሎ አዝመራውን አየው። አራት ቢል ማን ይከራከረዋል? አባቱ የሞተበት ውሃ ነው፤ እናቱ የሰገደችበት። ጠጠሩን በአውራ ጣቱ ትንሽ ገፋ ቢያደርጋት ያልቃል። ጣቱ ጠጠሩ ላይ ነበር።

«አራት ተኩል» አለ።  «ገና ነው።»

አዝመራው መሬት መሬት እያየ ቆመ። ከዚያ ከልጁ አጠገብ ቁጭ አለ። ሦስቱም ወንዶች እዚያው ጠበቁ። አምስት የዳዊት መዝሙር ተነብቦ እስኪያልቅ ያህል ነው። ተራው ሲደርስ ቃለሕይወት ቆመ፣ አዝመራው ተንበረከከ፣ ጠጠሩን ያዘለት፣ ቆጠረለት። አራት። ልቅም ያለ አራት። አዝመራው ራሱ ሄዶ ጓሉን በእጁ አነሳና ውሃው ወደ ገለቴ መደብ ወረደ።

ከሰዓት በኋላ የደብሩ ሰው ለቅዳሴ ሲወጣ መምሬ ደሳለን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ከወይራው ሥር ቆመው አገኛቸው። ወሬው ቀድሞ ደርሷል። አንዳንዱ ከሩቅ እጅ ነሳ፣ አንዳንዱ ፊቱን አዞረ፤ ውጉዝ ናቸው፣ መስቀሉን የሚሳለም የለም። አመተ ጊዮርጊስ ስታልፍ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ሳበች። ሠላሳ ዓመት ከውስጥ ሆነው የሰሙትን ደወል ከውጭ ሊሰሙ ነው። ማልቀስ ፈለጉ፤ አለቀሱም።

ቃለሕይወት መጣ። መሣሪያ አልያዘም። አጠገባቸው ቆሞ ወደ ደጁ ሰው አየ።

«ዘጠኝ ሆኗል አባ?»

«እኔ ምኑን አውቃለሁ ልጄ። ከእንግዲህ ሰዓት የሚጠይቀኝ የለም።»

«ቀጥ ብለው ይቁሙ» አለ ልጁ። ከመሬት ጠጠር አነሳና ከጥላቸው ራስ ዘንድ ሄዶ ተንበረከከ። መምሬ ደሳለ ትከሻቸውን ቀና አደረጉ። ቆጠሩት፤ ሰባት ሆነ። ያኔ ከውስጥ ደወሉ ተደወለ፣ የሰው እግር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲያመራ ተሰማ።

«ግባ እንጂ፣ ቅዳሴው ገባ» አሉት።

«እርስዎስ?»

«እኔ እዚሁ ነኝ።»

ቃለሕይወት ነጠላውን አጣፍቶ ከጎናቸው ቆመ።